ከታች ለሚመጣ ብርድ፦ የሃሞክ ብርድ ልብስ አሰፋፍና ሒሳቡ

(በማኅበራችን አጠቃላይ ስብሰባ ላይ በሒሳብ ሠራተኛችን የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው ሁለት ጥያቄ ሰጥቶኛል። አንደኛው፣ ለሸናንዶዋ ጉዟችን የሚሆነውን የሃሞክ ብርድ ልብስ እኛው ራሳችን መስፋት እንችላለን ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ከቻልን ደግሞ እየሰፋን በባዛር ብንሸጠው ለማኅበሩ ገቢ አይሆንም ወይ የሚል ነው። ሳላደክማችሁ መልሴን አስቀድሜ ልናገር። መስፋቱን እንችላለን፤ እንስፋም። መሸጡን ግን አልመክርም። ምክንያቴን በቅደም ተከተል አስረዳለሁ።

ጉዳዩ ከየት እንደመጣ ለማታውቁ ባጭሩ ልግለጽ። ከለጋሾቻችን ስድስት ሃሞኮች አግኝተናል። ሃሞክ ማለት በሁለት ዛፎች መካከል ተወጥሮ የሚተኛበት የጨርቅ አልጋ ነው። ባለፈው ኦክቶበር ይዘናቸው ወጣን። ቀኑን ልጆቹ ከላያቸው አልወርድ ብለው ዋሉ። ሌሊት ግን የተኙባቸው እናቶች ብርዱን አልቻሉትም፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ መኪና ውስጥ ገብተው ሞተር እያስነሱ ነው ያነጉት። ከዚያ ወዲህ ሃሞኮቹ ዕቃ ቤት ተቀምጠዋል። ልጆቹ መቼ ነው የምንመለሰው ይላሉ፤ እናቶቹ ሁለተኛ አይለመደኝም ይላሉ። የሆቴል ክፍል ተከራይቶ መሄድ ደግሞ ሌሊት በሆስፒታልና በሆቴል እየሠራች ልጅ ለምታሳድግ እናት የሚታሰብ አይደለም። እንግዲህ የዚህ ሁሉ መፍትሔ አንድ ጥሩ ብርድ ልብስ ነው፤ የሚደረገው ግን ከላይ ሳይሆን ከታች ነው።

ለምን ከታች? የሚያሞቀን ጨርቁ ራሱ ሳይሆን በውስጡ የተያዘው አየር ነው። ጋቢ ከነጠላ የበለጠ የሚሞቀው አራት እጥፍ ስለሆነና በእጥፎቹ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው። አሁን በሃሞክ ውስጥ ወፍራም የመኝታ ከረጢት ይዛችሁ ተኛችሁ እንበል። ከላያችሁ ያለው እንደተነፋ ይቆያል። ከጀርባችሁ ሥር ያለውን ግን የራሳችሁ ክብደት ይጨፈልቀዋል፤ አየሩ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ በጀርባችሁና በነፋሱ መካከል ያለው ስስ ጨርቅ ብቻ ነው። መሬት ላይ የተኛ ሰው ቢያንስ ከሥሩ ነፋስ አያልፍም፤ ሃሞክ ላይ ግን ነፋሱ በነፃነት ይመላለሳል። የለመዱ ሰዎች እንደሚሉት የአየሩ ሙቀት ከ70 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከ21 ሴንቲግሬድ ገደማ ሲወርድ ጀርባ መብረድ ይጀምራል። በሸናንዶዋ ተራራ ላይ ያለው አየር ከሸለቆው ወደ 10 ዲግሪ ፋራናይት ያህል ይቀዘቅዛል። የኦክቶበር ሌሊት 40 ዲግሪና ከዚያም በታች ሊወርድ ይችላል።

እናቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። መደብ ላይ ወይም በጠፍር አልጋ ላይ አጎዛ የሚነጠፈው ለጌጥ አልነበረም። ብርድ ከታች እንደሚመጣ ስለሚያውቁ ነው። ለሃሞክ የምንሰፋውም አጎዛ ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ከውስጥ አለመነጠፉ ነው፤ ከሃሞኩ ሥር በላስቲክ ገመድ ይንጠለጠላል። ከውጭ ስለሆነ ክብደታችን አይጨፈልቀውም፤ አየሩን እንደያዘ ያድራል። አሜሪካኖቹ አንደርኩዊልት ይሉታል፤ እኔ የስር ብርድ ልብስ እለዋለሁ።

ይህን መሰል ዕቃ በቤት መስፋት የችግረኛ ሥራ የሚመስላት ካለች፣ አንዲት ሴት ላስታውሳት። በሸናንዶዋ ፓርክ ውስጥ የሚያልፈውና ከጆርጂያ እስከ ሜይን በ14 ግዛቶች የሚዘልቀው የአፓላቺያን የእግር መንገድ ርዝመቱ 2,200 ማይል ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ኤማ ጌትዉድ የተባሉ የኦሃዮ ሴት በ67 ዓመታቸው ይህን መንገድ ብቻቸውን ከዳር እስከ ዳር በእግራቸው ጨረሱት። በአንድ ወቅት ብቻዋን የጨረሰች የመጀመሪያዋ ሴት እሳቸው ናቸው። የ11 ልጆች እናት ነበሩ፤ በትዳራቸውም ብዙ ዱላ የቀመሱ ናቸው። ለልጆቻቸው የነገሯቸው በእግሬ ልንሸራሸር እሄዳለሁ ብቻ ብለው ነው። ድንኳን አልነበራቸውም፤ ለዝናብ የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ይዘዋል። ዕቃቸውን የያዙበትን ከረጢት ደግሞ ከጂንስ ጨርቅ በእጃቸው የሰፉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለጀርባ ሙቀት ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛውና ርካሹ የተጠቀለለ የፎም ምንጣፍ ከሃሞኩ ውስጥ ማንጠፍ ነው። ይሠራል፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይንሸራተታል፤ ትከሻንም አይሸፍንም። ሁለተኛው የአሜሪካ ወታደሮች የሚጠቀሙበትን ስስ ብርድ ልብስ፣ ፖንቾ ላይነር የሚባለውን፣ ያገለገለ ገዝቶ ዙሪያውን ጥብጣብና ላስቲክ ገመድ ማድረግ ነው። የመስፋት ልምድ የሌላት ሴት በአንድ ከሰዓት በኋላ ትጨርሰዋለች። ለበጋና ለመለስተኛ ብርድ ይበቃል፤ ለኦክቶበር ሌሊት ግን ብቻውን አይበቃም። ሦስተኛው ከመነሻው መስፋት ነው፤ የምዘረዝረውም እሱን ነው።

የሚያስፈልገው ጨርቅ ሪፕስቶፕ ናይለን ይባላል። ስስና ቀላል ነው፤ በውስጡ በየመሐሉ ወፈር ያለ ክር በካሬ ካሬ ስለተሸመነበት ቢቀደድ ቀዳዳው አይሰፋም። ለአንድ ሰው 5 ያርድ ይበቃል። በመሐል የሚገባው ክላይማሺልድ አፔክስ የሚባል ሰው ሠራሽ ፋይበር ነው። የዚህ ፋይበር ጥቅሙ ክሩ ያልተቆራረጠና ወጥ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ እንደ ድሮ ፍራሽ በየመሐሉ መወጋት አያስፈልገውም፤ ዳር ዳሩ ከተያዘ አይሰበሰብም። ውፍረቱ የሚቆጠረው በአንድ ካሬ ያርድ ስንት አውንስ እንደሚመዝን ነው። የተለመደው ግምት ባለ 2.5 አውንሱ እስከ 50 ዲግሪ ፋራናይት፣ ባለ 3.6ቱ እስከ 40፣ ባለ 5ቱ እስከ 30 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለእኛ ጉዞ ባለ 5 አውንሱን እመርጣለሁ። የዝይ ላባ ከዚህ ይቀላል፤ ነገር ግን ሲረጥብ ሙቀቱን ያጣል፤ አሰፋፉም በየክፍሉ የተከፋፈለ ስለሆነ ለጀማሪ ያስቸግራል።

ክሩ ፖሊስተር ይሁን፤ የጥጥ ክር እርጥበት ይይዛል፣ ቶሎም ይበሰብሳል። መርፌው አዲስና ቀጭን ይሁን። በስፒል ፋንታ የልብስ መቆንጠጫ ተጠቀሙ፤ ስፒል በዚህ ጨርቅ ላይ የሚተወው ቀዳዳ አይጠፋም።

አሰፋፉ እንደሚከተለው ነው።

አንድ፤ ከጨርቁ 210 በ120 ሳንቲሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች ውጡ፤ አንዱ ለውጭ፣ አንዱ ለገበር። ፋይበሩን 204 በ120 ቁረጡ። ፋይበሩ በቁመቱ ያጠረው በሁለቱ ጫፎች ገመድ ማስገቢያ ስለምንሠራ ነው።

ሁለት፤ ከጥብጣብ 6 ሳንቲሜትር የሆኑ 14 ቁራጮች ቆርጣችሁ እያንዳንዱን ለሁለት እጠፉና ቀለበት አድርጉ። በእያንዳንዱ ረጅም ጎን ሰባት ሰባቱን በእኩል ርቀት፣ ቀለበቱ ወደ ውስጥ እንዲያይ አድርጋችሁ በውጩ ጨርቅ ፊት ላይ ያዙ።

ሦስት፤ ሁለቱን ጨርቆች ፊት ለፊት አጋጥሙ። ፋይበሩን ከላይ ጫኑ፤ በሁለቱም ጫፍ 3 ሳንቲሜትር ይቅርለት። ዙሪያውን ከዳር 1 ሳንቲሜትር ገባ ብላችሁ ስፉ። በአንዱ አጭር ጎን 40 ሳንቲሜትር ያህል ለመገልበጫ ክፍት ተዉ። በረጅም ጎኖቹ ላይ ደግሞ በአራቱም ጥግ ለገመዱ መግቢያ የሚሆን 3 ሳንቲሜትር አትስፉ።

አራት፤ በክፍቱ በኩል ገልብጡት፤ እንደ ትራስ ልብስ ማለት ነው። ፋይበሩ በመሐል ይገኛል። ክፍቱን ዝጉ። ከዚያ በሁለቱ አጭር ጎኖች ከዳር 3 ሳንቲሜትር ላይ ከላይ ወደ ታች አንድ አንድ መስመር ስፉ። ይህ መስመር የፋይበሩን ጫፍ ይይዛል፤ ከዳሩ ያለው ባዶ ክፍል ደግሞ እንደ ሱሪ መቀነት ማስገቢያ ይሆናል።

አምስት፤ በጫፎቹ በኩል 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ላስቲክ ገመድ አስገቡና በገመድ ማቆሚያ ያዙት፤ ሲጠብቅ ጫፉ ይሰበሰባል፣ ነፋስም አያስገባም። በረጅም ጎኖቹ ቀለበቶች ውስጥ ሌላ ላስቲክ ገመድ አሳልፉ፤ ጫፍና ጫፉ ከሃሞኩ ማንጠልጠያ ጋር ይያያዛል።

አሰቃቀሉ ከአሰፋፉ አያንስም። ብርድ ልብሱ ሃሞኩን በስሱ መንካት አለበት። ከላላ በመሐል ነፋስ ይገባል፤ ከተወጠረ ደግሞ ይጨፈለቃል፤ ሙቀቱም ይጠፋል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ አንዷ ትተኛ፣ ሌላዋ እጇን በሃሞኩና በብርድ ልብሱ መካከል ታስገባ። እጅ ሳይጨነቅ ከገባና ባዶ ቦታ ካልተሰማ ልክ ነው። በተለይ ትከሻና እግር አካባቢ በደንብ ይፈተሽ፤ ብዙ ጊዜ ክፍተት የሚገኘው እዚያ ነው።

ከጨርቁ የሚተርፍ አለ። የሪፕስቶፕ ወርድ አብዛኛውን ጊዜ 150 ሳንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ከእያንዳንዱ ቁራጭ 30 ሳንቲሜትር ወርድ ያለው ረጅም ድርብ ይቀራል። ከእሱ ለብርድ ልብሱ መያዣ ከረጢት፣ መነጽርና ስልክ ሌሊት የሚቀመጥበት በራስጌ የሚንጠለጠል ኪስ፣ ለዛፍ ቀበቶዎቹም ትንሽ ቦርሳ ይወጣል። መስፋት የምትለማመድ ከእነዚህ ትጀምር፤ ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ነው የሚጠይቁት። ለልጆች ደግሞ 150 በ90 አድርጎ መስፋት ይቻላል።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ፤ ክብደት የሚሸከመውን እኛ አንሰፋም። የዛፍ ቀበቶና ማንጠልጠያ ስንት ፓውንድ እንደሚችል ተጽፎበት የሚሸጠውን እንገዛለን። ቀበቶው ዛፉን እንዳይቆርጥ ቢያንስ 1 ኢንች ወርድ ይኑረው። ዛፉ ሕያውና ወፍራም ይሁን፤ ከላይ የደረቀ ቅርንጫፍ አለመኖሩን ቀና ብላችሁ እዩ። ሃሞኩ ሰው ሲቀመጥበት ከወንበር ከፍታ አይበልጥ፤ 45 ሳንቲሜትር ያህል ይበቃል። ናይለንና ፖሊስተር በእሳት ይቀልጣሉና የቡናው ከሰል ምድጃ ከአጠገቡ ይራቅ። ሲመለስም ተጨፍልቆ አይቀመጥ፤ ተዘርግቶ ወይም በሰፊ ከረጢት ላላ ብሎ ይቀመጥ።

እንግዲህ ወደ ሒሳቡ መጣሁ። አንዱን ሰፍቼ ደረሰኞቹን ይዣለሁ። ጨርቅ 5 ያርድ በ7 ዶላር 35 ዶላር፤ ፋይበር 2 ያርድ ከሩብ በ16 ዶላር 36 ዶላር፤ ጥብጣብ፣ ላስቲክ ገመድ፣ ማቆሚያና ክር 12 ዶላር፤ ድምር 83 ዶላር። የሚመጣጠነው ዕቃ ተሰፍቶ ሲሸጥ ያየሁት በ170 ዶላር ነው። እዚህ ላይ ብናቆም ግማሹን አተረፍን ብለን እንሄድ ነበር።

ነገር ግን የወሰደብኝ ጊዜ 7 ሰዓት ነው። ይህንን በሰዓት 15 ዶላር ብናስበው 105 ዶላር ይሆናል። ጠቅላላው 188 ዶላር ደረሰ፤ ከሱቁ በ18 ዶላር በለጠ። እኛ ሴቶች የእጃችንን ሥራ ዋጋ ስናወጣ ጨርቁን እንቆጥራለን፣ ክሩን እንቆጥራለን፣ ራሳችንን ግን እንረሳለን። እንጀራ ስትሸጥ ጤፍና መብራት ብቻ ቆጥራ ትርፍ አለኝ የምትል እኅት ታውቃላችሁ። የሌሊት እንቅልፏ ከየትኛውም መዝገብ አልገባም።

አሁን ስድስቱን እናስብ። የመጀመሪያው 7 ሰዓት ቢወስድ፣ እጅ ከለመደና መቁረጡን አንዷ፣ መስፋቱን ሌላዋ ስትይዘው የቀሩት አምስቱ በ4 ሰዓት ተኩል ያልቃሉ ብዬ እገምታለሁ። ጠቅላላው 29 ሰዓት ተኩል ነው። ዕቃው 498 ዶላር፣ ጉልበቱ 442 ዶላር ከ50 ሳንቲም፣ ድምሩ 940 ዶላር ከ50 ሳንቲም። ስድስቱን ብንገዛ 1,020 ዶላር። ልዩነቱ 79 ዶላር ከ50 ሳንቲም ብቻ ነው። እውነተኛው ቁጠባ ይህ ነው።

ታዲያ ለምን እንስፋ እላለሁ? ማኅበሩ አሁን 1,020 ዶላር የለውም፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስትና አራት ሰዓት መስጠት የሚችሉ፣ መስፋት የሚያውቁ አባላት ግን አሉት። ከካዝና የሚወጣው 498 ዶላር ይሆናል። ከዚያም ሌላ የሰፋነውን መጠገን እንችላለን፤ ለልጆች በልካቸው እንሠራለን፤ የስፌት መኪና ነክታ የማታውቀዋም ከምታውቀዋ ትማራለች።

መሸጡን የማልመክረው በዚሁ ሒሳብ ነው። ስም ያላቸው ሰፊዎች በ170 በሚሸጡበት ገበያ የማያውቀን ገዢ በዚያው ዋጋ አይገዛንም። በ130 ብንሸጠው ከዕቃው በኋላ 47 ዶላር ይቀራል። ለ4 ሰዓት ተኩል ሥራ ሲካፈል በሰዓት 10 ዶላር ከ44 ሳንቲም ነው። የባዛሩ የጠረጴዛ ኪራይ፣ ያልተሸጠው፣ የሚመለሰውና ግብሩ ከዚህ ላይ ገና ይቀነሳሉ። ሳይቀነሱም ቢሆን ከቨርጂኒያ ዝቅተኛ ደመወዝ በታች ነው። አንድ ነጋዴ ለአባላችን ይህን ቢከፍላት ማኅበሩ ተሟግቶ ያስከፍላት ነበር። ሌላው የማይፈቅድልንን እኛ በራሳችን ላይ ልናደርገው አይገባም።

ለለጋሾቻችን አንድ ቃል ልጨምር። በአሜሪካ የሒሳብ አያያዝ ደንብ በነፃ የተሰጠ ጉልበት የሚያገለግል ዕቃ ከፈጠረ ወይም ካሻሻለ፣ አለዚያም ያለዚያ ተከፍሎበት የሚሠራ የባለሙያ ሥራ ከሆነ፣ ዋጋው በመዝገብ ይያዛል። ወንበር መደርደርና ሻይ ማፍላት ከዚህ አይገቡም፤ ለማኅበሩ የሚቀሩ ብርድ ልብሶችን መስፋት ግን ይገባል። ስለዚህ በዓመቱ ሪፖርት ላይ የእናንተ 498 ዶላር በአንድ መስመር፣ የአባላት ሰዓት በሌላ መስመር ተጽፎ ታዩታላችሁ። አባላት ሆይ፣ የሰጣችሁት ሰዓት ከግል ግብራችሁ አይቀነስም፤ ከኪሳችሁ የገዛችሁት ዕቃ ግን እንደ ሁኔታው ሊቀነስ ስለሚችል ደረሰኝ አትጣሉ።

ስለዚህ ስብሰባው እንዲወስንልኝ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ለስድስት የስር ብርድ ልብሶች መሥሪያ 498 ዶላር ይፈቀድ። በየስፌቱ ቅዳሜ ማን ስንት ሰዓት እንደሠራች የሚጻፍበት ደብተር ይኑር፤ እሱን እኔ እይዛለሁ። ሲያልቁም ብርድ ልብሶቹና ሃሞኮቹ በአንድ ሣጥን ሆነው የማንኛዋም አባል ቤተሰብ ፈርሞ የሚዋሳቸው፣ አጥቦና አድርቆ የሚመልሳቸው ይሁኑ።

የሰፋሁትን ይዤው መጥቻለሁ፤ ከኋላ ጠረጴዛው ላይ አለ። ከስብሰባው በኋላ ገልብጣችሁ እዩት፣ ስፌቱን ጎትቱት፣ ጉድለት ካለው ንገሩኝ። የስፌት መኪና ያላችሁና ለሁለት ቅዳሜ ማዋስ የምትችሉ ስማችሁን እዚያው አስመዝግቡ።